ነብርና የባሌ ጦጣ፦ አደጋው የጋራ፣ መፍትሔው የየብቻ

ዳንግላ (ዜና ትንታኔ) - የዱር እንስሳት ጥበቃ በሚታቀድበት ወቅት ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎች በአንድ ርዕስ ሥር ተጠቃለው ሲቀርቡ ይስተዋላል። በነብርና በባሌ ጦጣ ላይ የተደቀነው አደጋ ግን ይህ አሠራር ሊፈተሽ እንደሚገባው ያመለክታል።

ሁለቱም በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብለው ተመድበዋል። ተመሳሳይነታቸው ግን ከዚህ ብዙም አያልፍም።

ነብር ከአፍሪካ እስከ ሩቅ ምሥራቅ እስያ የሚኖር፣ ያገኘውን አድኖ የሚያድር አውሬ ነው። ለአደጋ ያጋለጡት ለቆዳው ሲባል መታደኑ፣ የሚመገባቸው እንስሳት መመናመናቸውና ከብት በመብላቱ በአጸፋ መገደሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት ዝርያው ከቀድሞ መኖሪያው እስከ 75 በመቶ ማጣቱን አመልክቷል። ኢትዮጵያም በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) መሠረት በዓመት እስከ 500 የነብር ቆዳ ወደ ውጭ እንዲወጣ የሚፈቅድ ኮታ የነበራት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በፓናማ በተካሄደው ጉባዔ ቁጥሩ ወደ 20 ዝቅ ብሏል።

የባሌ ጦጣ በአንጻሩ ከባሌና ከሲዳማ ደጋማ ደኖች በስተቀር በዓለም የትም አይገኝም። በባሌ ኦዶቡሉ ደን የተካሄደ ጥናት ከምግቡ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው የደጋ ቀርከሃ መሆኑን አረጋግጧል። ቀርከሃው በተመነጠረባቸው ቁርጥራጭ ደኖች የቀሩት ጦጣዎች ወደ ማሳ በመውጣታቸው ከአርሶ አደሩ ጋር ተጋጭተዋል።

ከዚህ በመነሳት ነብርን ለመታደግ ሕገወጥ አደንን መቆጣጠርና የከብት በረቶችን ማጠናከር ተገቢ ይሆናል። የባሌ ጦጣን ግን አዳኝን መከላከል ብቻውን አያድነውም። ህልውናው የሚወሰነው ቀርከሃው በበቀለበት መሬት ላይ በሚሰጠው ውሳኔ ነው።

የባሌ ጦጣ በዳንግላም ሆነ በአጠቃላይ በአዊ ዞን አይገኝም። ይሁን እንጂ ዞኑ፣ በተለይም የእንጅባራ አካባቢ፣ በደጋ ቀርከሃ የታወቀ ነው። አርሶ አደሩ ቀርከሃን በጓሮው ተክሎ ለቤት፣ ለአጥርና ለገበያ ስለሚያውለው ጠብቆ ያቆየዋል። ይህም ተክሉ ገቢ እስካስገኘ ድረስ ከእርሻ ጋር ጎን ለጎን ሊኖር እንደሚችል ያሳያል። ተሞክሮው የባሌ ጦጣ በሚኖርባቸው አካባቢዎች ለሚገኙ አስተዳደሮችም ጠቃሚ ይሆናል።

በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎችም አንድን ደን ለሌላ አገልግሎት ከመፍቀዳቸው በፊት በውስጡ የትኛው እንስሳ እንደሚኖርና ምን በልቶ እንደሚያድር ማጣራት ይጠበቅባቸዋል። ነብር ደኑ ሲጠፋበት ሌላ ስፍራ ሊፈልግ ይችል ይሆናል፤ የባሌ ጦጣ ግን መሄጃ የለውም።