«ካልጠጣ ምን አስፈራው?» ለምትሉኝ

ቨርጂኒያ በሚኖረው የድሮ ተማሪዬ ጉዳይ ሰሞኑን በኢንቦክስም በስልክም ስንጨቃጨቅ ከረምን። ልጁ ማታ ሲነዳ ፖሊስ አስቆመው። ለምን ሲላቸው «ሰክሮ እየነዳ ነው ብሎ ሰው ደውሏል» አሉት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስላለ ከዚህ በላይ አልናገርም። እኔን ያናደደኝ የእናንተ መልስ ነው። «ካልጠጣ ምን አስፈራው? ከጠጣስ የምን ክርክር ነው?»

ጠጥቶ መንዳት ሰው ይገድላል። በዚህ ላይ ክርክር የለንም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ፖሊሱ መኪናውን ሲያስቆም ምን ያውቅ ነበር? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ ፖሊስ ዝም ብሎ እንዳያስቆምህ ይከለክላል፤ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሊኖረው ይገባል። ጥርጣሬው ደግሞ ከማስቆሙ በፊት በነበረው እንጂ በኋላ ባሸተተው ትንፋሽ አይለካም። (በዲፕሎማዬ ጠበቃ ልሁን አላልኩም፤ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ግን እነዚህን ፍርዶች ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ።)

በ2000 ከፍሎሪዳ የመጣ ጉዳይ ነበር። ስሙን ያልተናገረ ሰው ደውሎ «ፌርማታው ላይ የቆመው፣ ካሬ ካሬ ሸሚዝ የለበሰው ጥቁር ወጣት ሽጉጥ ይዟል» አለ። ፖሊስ ሄዶ ፈተሸው፤ ሽጉጡም ተገኘ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በሙሉ ድምፅ ፍተሻው ሕገወጥ ነው አለ። ሸሚዝማ ማንም መንገደኛ ያያል፤ ሽጉጡን በምን አወቀ?

በ2014 ግን ነገሩ ዞረ። ናቫሬት የሚባለው የካሊፎርኒያ ጉዳይ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ደዋይ አንድ ፎርድ ፒካፕ ከመንገድ እንዳስወጣው ተናገረ፤ ታርጋውንና ቦታውን ሰጠ። ፖሊስ አምስት ደቂቃ ያህል ተከተለው፤ አንድም ጥፋት አላየም። ቢሆንም አስቆመው፤ 30 ፓውንድ ማሪዋና ተገኘ። ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ማስቆሙ ልክ ነው አለ፤ ሰካራምም ቢሆን የፖሊስ መኪና ሲያይ ሊጠነቀቅ ይችላል ብሎ። ወግ አጥባቂው ዳኛ ስካሊያ ከሦስቱ ለዘብተኛ ዳኞች ጋር ሆኖ ተቃወመ።

እኔ ከስካሊያ ጋር ነኝ። እስቲ አስቡት፦ ከተንገዳገድክ ሰክረሃል፤ ቀጥ ብለህ ከነዳህ ፖሊስ አይተህ ነው። ታዲያ ያልጠጣ ሰው እንዴት ይንዳ?

የሌላው ወገን ክርክርም ተራ አይደለም። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት እንዲህ ባለ ጥቆማ የተያዘን ሰው ጥፋተኝነት ሽሮ ነበር፤ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ሲል ዋና ዳኛው ሮበርትስ ተቃወመ። ፖሊስ የሰካራሙን የመጀመሪያ ስህተት መጠበቅ የለበትም፣ ያቺ ስህተት ሰው ልትገድል ትችላለች ነው የሚለው። ያስጨንቃል፣ እውነት ነው። ግን ፖሊሱ ከኋላው ሆኖ ይከታተል፣ ስልክ ተቀባይዋም ደዋዩን ስሙንና ያየውን ትጠይቀው እንጂ፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ቃል እንዴት ብቻውን ይበቃል? ታርጋህን የሚያውቅ የተጣላህ ሰውም ስልክ አለው። ጥቆማ ያለ ጠያቂ ሲታመን ምን እንደሚያመጣ ደርግን የኖሩ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

ደግሞም የ2014ቱ ፍርድ ማንኛውም ስልክ ይበቃል አላለም። ያ ደዋይ የደረሰበትን በዝርዝር፣ ወዲያው ነው የተናገረው። «ሰክሯል» ብሎ ስልኩን የዘጋ ሰው ከሱ እኩል አይደለም። ደዋዩ አየ ወይስ ሰማ? ምን አየ? መቼ? ይሄን መጠየቅ ስካርን መደገፍ የሚመስላችሁ፣ ፍርድ ቤት ለምን እንደተሠራ ንገሩኝ።

አሜሪካ ያላችሁ ልጆች፣ መንገድ ላይ ከፖሊስ ጋር አትከራከሩ። ቁሙ፣ መንጃ ፈቃድ አሳዩ። ክርክሩ ዳኛ ፊት ነው፤ ማስቆሙ ሕገወጥ ከተባለ ከዚያ የተገኘው ማስረጃ ውድቅ እንዲደረግ ይጠየቃል።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ ዛሬውኑ ለጠበቃህ ደውል። የ911ን የድምፅ ቅጂና የፖሊስ መኪናውን ቪዲዮ ሳይጠፉ በጽሑፍ ይጠይቅልህ።