«ጥናቱ ተገምግሟል» ስላችሁ ብቻ አትመኑኝ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ትኩሳት ወይም ስለ ተቅማጥ አይደለም፤ አንድ አባት ስለጠየቁኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከሕክምና የራቀ ይመስላል፤ ግን ዞሮ ዞሮ ልጆቻችሁ ወደሚወስዱት መድኃኒት ይመለሳልና ታገሱኝ።

እኚህ አባት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው። የስድስት ዓመት ልጃቸውን ጆሮዋን አሟት ይዘዋት መጡ። ከዚህ ቀደም ለሌላ ሕመም ታዝዞላት የተረፈውን አንቲባዮቲክ ቤት ውስጥ ጀምረውላት ነበር። እኔም እንደ ልማዴ «ባክቴሪያ ይለወጣል፣ መድኃኒቱን ይለማመዳል፤ የተረፈ መድኃኒት ለልጅ አይሰጥም» አልኳቸው። ፈገግ አሉና «ዶክተር፣ እርስዎም የዝግመተ ለውጥ ሰው ነዎት ማለት ነው?» አሉኝ። ቀጥለውም «እነዚህ ጆርናሎች እኮ የሚገመገሙት በራሳቸው ሰዎች ነው። ተቃዋሚ ሲጽፍ አያወጡለትም፤ ከዚያ ዞረው ‹ተቃዋሚዎች ያሳተሙት ጥናት የለም› ይላሉ። በሩን ቆልፎ ‹ለምን አልገባህም› እንደማለት ነው» አሉ።

ወረፋው ረጅም ስለነበር «ጥናቶቹ እኮ በባለሙያ የተገመገሙ ናቸው» ብዬ አለፍኩ። ማታ ሳስበው አፈርኩ። ሰውየው የጠየቁኝ ግምገማው ራሱ ይታመናል ወይ ብለው ነው፤ እኔ የመለስኩላቸው ደግሞ ያንኑ ግምገማ ምስክር ጠርቼ ነው።

እስቲ ግምገማ የምንለው ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ ልንገራችሁ። ተመራማሪው ጽሑፉን ለጆርናል ይልካል። አርታኢው በዘርፉ ለሚሠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች ያስተላልፈዋል። እነሱ አንብበው አስተያየት ይጽፋሉ። ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለውም፤ ስማቸውም አይገለጽም። ሙከራውን አይደግሙትም። ጥሬ መረጃውንም አብዛኞቹ አያዩትም። እኔም የሌሎችን ጽሑፍ ገምግሜ አውቃለሁ፤ ከአዳር ተረኝነት በኋላ፣ በደከመ ዓይን። አንድ ጊዜ ያሳለፍኩት ጽሑፍ ውስጥ የታካሚዎቹ ድምር ከሠንጠረዡ ጋር እንደማይገጥም ያየሁት ከታተመ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም።

ስለዚህ የመምህሩ ግማሽ ነገር እውነት ነው። ግምገማ ስህተት ያሳልፋል። በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ላንሴት የተባለው ታላቅ የሕክምና ጆርናል በ12 ሕፃናት ላይ የተሠራ ጽሑፍ አወጣ፤ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ። ጽሑፉ ተገምግሞ ነው የወጣው። ጆርናሉ የሰረዘው በ2010 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ስንት ወላጅ ልጁን ሳያስከትብ ቀረ። በ2017 ሚኒሶታ ውስጥ፣ በተለይ በሶማሌ ጎረቤቶቻችን ልጆች ላይ ኩፍኝ የተነሳው ያ ፍርሃት ሥር ሰዶ ስለነበር ነው። ጽሑፉ ሐሰት እንደሆነ የታወቀው ገምጋሚዎቹ ስለነቁ አይደለም። ሌሎች በብዙ መቶ ሺህ ልጆች ላይ አጥንተው የተባለውን ነገር ስላጡት፣ አንድ ጋዜጠኛም የሕፃናቱን ታሪክ እየተከታተለ ስላወጣው ነው።

ግምገማ እውነትንም ይመልሳል። ሊን ማርጉሊስ በሴሎቻችን ውስጥ ያለው ሚቶኮንድሪያ በጥንት ዘመን ራሱን ችሎ ይኖር የነበረ ባክቴሪያ ነው ብላ ስትጽፍ፣ በ1967 እስኪታተምላት ድረስ አሥራ አምስት ያህል ጆርናሎች መልሰውባታል። ዛሬ የሕክምና ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነው። እንዲያውም ክሎራምፌኒኮል የተባለው አንቲባዮቲክ የአንዳንድ ሰው መቅኔ ደም ማምረቱን የሚያዳክምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ የባክቴሪያን ፕሮቲን መሥሪያ ሲመታ የሚቶኮንድሪያውም ስለሚመሳሰል አብሮ ይመታል። ማርጉሊስ በሩ ሲዘጋባት በሌላ በር ሄደች። በኋላም በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ሲነበብ ከባክቴሪያ ጋር ዝምድና እንዳለው ታየ።

ይህን ካመንኩ በኋላ ከመምህሩ ጋር የምለያይበት ቦታ አለ። «ግምገማው ደካማ ነው» ከሚለው ተነስተው «ስለዚህ ዝግመተ ለውጥ የቆመው በግምገማ ነው፤ ግምገማው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል» ወደሚለው ይሻገራሉ። ይህ ግን አይያያዝም። ዳርዊን በ1859 መጽሐፉን ሲያሳትም ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ግምገማ አልተደረገበትም። በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ያሳወቀው አጭር ጽሑፍም ለውጭ ገምጋሚ ሳይላክ ነው የታተመው። ሐሳቦቹን ያቆያቸው ከታተሙ በኋላ የደረሰባቸው ፈተና ነው።

የተቆለፈው በር ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠቀስ ታሪክ አለ። በ2004 የዋሽንግተን የባዮሎጂ ማኅበር ጆርናል የስቲቨን ሜየርን ጽሑፍ አወጣ፤ የእንስሳት ዋና ዋና ቅርጾች የመጡት በዝግመተ ለውጥ ሳይሆን በአሳቢ ንድፍ አውጪ ነው የሚል። አርታኢው ሪቻርድ ስተርንበርግ ሦስት ሰዎች ገምግመውታል አለ። የማኅበሩ ምክር ቤት ደግሞ እንደ ልማዱ ረዳት አርታኢዎች አላዩትም፣ ለጆርናሉም አይመጥንም ብሎ ራሱን አገለለ። ስተርንበርግ ከዚያ በኋላ በሚሠራበት ሙዚየም ተገፋሁ ብሎ አቤት አለ፤ ተቋሙ አስተባበለ። ሰውየው በእርግጥ ተገፍቶ ከሆነ ነውር ነው። ሳይንቲስት ሲደነግጥ እንደ ማንኛውም ሰው ይደናገጣል፤ ክብሩም ቶሎ ይነካል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በዚያ ቀን በሩ ተከፍቶ ነበር። በተከፈተው በር የገባው ጽሑፍ የሌሎችን ሥራ እየጠቀሰ የሚከራከር እንጂ አዲስ ሙከራ የያዘ አልነበረም።

እኔ ይበልጥ የምወደው ሌላ ታሪክ ነው። ሪቻርድ ሌንስኪ ከ1988 ጀምሮ ኢ ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ (አዎ፣ በልጆች ሆድና በሽንት ኢንፌክሽን የምናውቀውን) በ12 ጠርሙስ ለያይቶ በየቀኑ እያዛወረ ያራባ ነበር። በየ500 ትውልዱ ናሙና ወስዶ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። በጠርሙሶቹ ውስጥ ሲትሬት የሚባል ነገር አለ፤ ኢ ኮላይ ኦክስጅን ባለበት ይህን መመገብ አይችልም። ከ30,000 ትውልድ በኋላ ግን ከ12ቱ አንዱ ጠርሙስ መመገብ ጀመረ። ይህ በ2008 ታተመ።

ወዲያው አንድሩ ሽላፍሊ የተባለ ጠበቃና የዝግመተ ለውጥ ተቃዋሚ «ጥሬ መረጃውን አምጣ» ብሎ ጻፈ። ግምገማውን አላመነውም፤ እንደ መምህሩ። ሌንስኪ መጀመሪያ አጠር አድርጎ፣ ሁለተኛ ግን ዘርዘር አድርጎ መለሰለት። የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ትልቁ መረጃ ባክቴሪያው ራሱ ነው፣ በሕይወት ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጧል፣ ሊሠራበት የሚችል ላቦራቶሪ ሲጠይቅ ይላካል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ስኮት ሚኒች የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂስት ነው። በ2005 በፔንሲልቫኒያ ዶቨር ከተማ፣ በትምህርት ቤት ምን ይሰጥ በሚለው የፍርድ ቤት ክርክር ላይ ለንድፍ አውጪው ወገን የመሰከረ ሰው ነው። ማለትም በሩ ሊቆለፍበት ይገባ የነበረ ሰው። እሱና ባልደረቦቹ ባክቴሪያውን በቀጥታ ወደ ሲትሬት በሚገፋ ሁኔታ አራቡትና ከ12 እስከ 100 በሚደርስ ትውልድ ውስጥ ያንኑ ለውጥ አገኙ። በ2016 በታወቀው የባክቴሪያ ጥናት ጆርናል፣ ተገምግሞ ታተመላቸው። «ለውጡ ያን ያህል ብርቅ አይደለም፤ የዘገየው በሌንስኪ አሠራር ምክንያት ነው» አሉ። ሌንስኪና ባልደረባው በትርጓሜው አልተስማሙም። ግን ባክቴሪያው መለወጡን ማንም አልካደም፤ ያረጋገጠው ተቃዋሚው ራሱ ነውና። ለእኔ ከሦስት ገምጋሚ ፊርማ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

«ታዲያ ባክቴሪያው ባክቴሪያ ሆኖ ቀረ እኮ» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ መምህሩም ይህን ማለታቸው አይቀርም። ልክ ናችሁ፤ አንድ ጠርሙስ ሁሉን አያስረዳም። ስለ ሩቁ ዘመን ሌላ ዓይነት ማስረጃ አለ። ለምሳሌ ፍየል ቫይታሚን ሲን በራሷ ትሠራለች፣ እኛ አንችልም፤ የሚሠራው ጂን ግን ተሰብሮ በውስጣችን አለ፤ በቺምፓንዚም ውስጥ እንዲሁ ተሰብሮ ይገኛል። እኔን ያሳምነኛል። እናንተ ከእምነታችሁ ጋር እንዴት እንደምታስታርቁት የእኔ ሥራ አይደለም፤ የሚጾሙ፣ የሚሰግዱ፣ የሚጸልዩ ብዙ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ፣ ከባክቴሪያ ጋር ሲታገሉ አንለያይም።

የእኔ ሥራ የሚጀምረው ቀጥሎ ባለው ነው። የወባ ፈጣን መመርመሪያ ኪት ታውቃላችሁ፤ ከጣት ደም ጠብታ ተወስዶ በመስመር የሚያሳየው። አብዛኛው ኪት የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የሚባል የፋልሲፓረም ወባ ፕሮቲን ነው። በ2010 ከፔሩ የወጣ ጥናት ይህ ፕሮቲን የሌላቸው፣ ጂኑን ያጡ የወባ ተውሳኮች መኖራቸውን አሳወቀ። ከዚያ ኤርትራ ውስጥ ተገኙ፤ ኪቱ እስኪቀየር ድረስ አደረሱ። ከዚያ በእኛ አገር ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በኤርትራ፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር አካባቢ 12,572 ሰዎችን መርምረው በ2021 አሳተሙ። በጂኑ መጥፋት ምክንያት ኪቱ ከመቶ የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ አሥሩ እንደሚያመልጡት ገመቱ። ለምን እንደተስፋፋ ለመረዳት ቀላል ነው። ፕሮቲኑ ያለው ተውሳክ በኪቱ ይያዛል፣ ይታከማል፣ ይሞታል። የሌለው «ነጌቲቭ» ተብሎ ከልጁ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል፣ ትንኝም ወደ ሌላው ታሸጋግረዋለች። በሦስት አገር፣ በተለያየ ሰው እጅ የታየ ነገር ነው።

በዚህ ላይ «ጆርናሎቹ የእነሱ ናቸው» የምትል እናት ብትኖር፣ የሚጎዳው ልጇ ነው። ስለዚህ ወባ ካለበት አካባቢ ከሆናችሁ ወይም በቅርቡ ከዚያ ከተመለሳችሁ፣ ኪቱ ነጌቲቭ ብሎ የልጁ ትኩሳት ካልበረደ «ወባ አይደለም ተብለናል» ብላችሁ አትቀመጡ። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተመልሳችሁ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ። ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካንቀላፋ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ደግሞ ማግስትን አትጠብቁ።

እኛ ሐኪሞችም «ተገምግሟል» የሚለውን ቃል እንደ ዱላ መጠቀማችንን ብንተው ደስ ይለኛል። ወላጅ ሲጠራጠር የማያውቅ ሰው አድርገን እናየዋለን። የምመኘው ጥርጣሬያችሁ እንዲጠፋ አይደለም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ይዞ እንዲመጣ ነው። ማን ደገመው? ደጋሚው የመጀመሪያውን ሰው ውጤት የሚፈልግ ወዳጅ ነበር ወይስ ተቃዋሚ? ስንት ልጅ ላይ ታየ? ይህን ጥያቄ ስለ ዝግመተ ለውጥ ጽሑፍ ጠይቁ፤ ተቃዋሚዎቹ ስለሚጽፉትም ጠይቁ፤ በስልካችሁ እየዞረ ስለሚደርሳችሁ «ተአምረኛ» ቅጠልም እንዲሁ።

መምህሩ ልጃቸውን ለክትትል ሲያመጡ ይህን ሁሉ፣ በዚያ ቀን ያልመለስኩላቸውን፣ ነገርኳቸው። የሌንስኪን ፍሪዘር ወደዱት። በዝግመተ ለውጥ አልተስማማንም፤ በተረፈው አንቲባዮቲክ ግን ተስማማን። ልጅቷ ትንሽ ሳል ስለነበራት ሽሮፕ ስጽፍላት አጎንብሰው ወረቀቱን አዩና «ዶክተር፣ የዚህን የሳል ሽሮፕ ጥቅም በልጆች ላይ ማን ደግሞ አረጋገጠው?» አሉኝ።

ሽሮፑን ሰረዝኩና በምትኩ ማርና ሞቅ ያለ ውኃ ጻፍኩላቸው። (ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም፤ እሷ ስድስት ዓመቷ ነው።)