የዶርንቡሽን ሥዕል ብቻ አንማር

ኢኮኖሚክስ የምንማር ተማሪዎች ሩዲገር ዶርንቡሽን የምናውቀው በሰሌዳ ላይ በሚሣሉ ሁለት መስመሮች ነው። መስመሮቹን እንገለብጣለን፤ ለፈተናም እንሸመድዳለን። ሰውዬው ከምን ተነሥቶ እንደ ሣላቸው ግን አንጠይቅም። ይህ ጉድለት ነው እንላለን።

ዶርንቡሽ በ1942 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በክሬፌልድ ከተማ ተወለደ። በጄኔቭና በቺካጎ ተምሮ፥ ከ1975 ጀምሮ በ2002 እስከ ሞተ ድረስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አስተማረ። ስሙን ያስጠራው በ1976 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ታላላቆቹ መንግሥታት ቋሚውን ምንዛሪ ከተዉ ገና ሦስት ዓመት ሆኖ ነበርና፥ የገንዘቦቻቸው ዋጋ እንደዚያ መዋዠቁ ብዙውን ሰው ግራ አጋብቶ ነበር። ዶርንቡሽ ግን ነጋዴው ሁሉ አስተዋይ ቢሆን እንኳ መዋዠቁ እንደማይቀር አሳየ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መንግሥት ገንዘብ ሲያበዛ ምንዛሪው በዚያው ቀን ይለወጣል፤ የዕቃ ዋጋና ደመወዝ ግን እየተንፏቀቁ ይከተላሉ። ወለዱም ስለሚቀንስ፥ ነገ ዋጋው ያንሰራራል ብሎ ተስፋ ካላደረገ በቀር ያንን ገንዘብ ይዞ የሚቆይ አይገኝም። እንዲያንሰራራ ደግሞ አስቀድሞ ከማረፊያው በታች መውደቅ አለበት። የኋላ ሰዎች በቁጥር ሲመረምሩት ሁልጊዜ አልሰመረም፤ ቢሆንም አስተሳሰቡን የተወ የለም።

እኛ ከዚህም በላይ የምናከብረው ሌላ ሥራውን ነው። በ1994 ሜክሲኮ በዓለም ፊት ስትመሰገን፥ እርሱ ከአሌሃንድሮ ወርነር ጋር ሆኖ ፔሶው ከሚገባው በላይ ተወዷል፥ ይውረድ ብሎ ጻፈ። ምክሩ አልተሠራበትም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ፔሶው ወደቀ፤ በጥቂት ወራትም የዋጋውን ግማሽ ያህል አጣ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ፥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ዘለለ። ነገር ግን ብዙ አስመጪ ዕቃውን ቀድሞውንም የሚተምነው በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ነበር። የዕቃው ዋጋ ከባንኩ ምንዛሪ ቀድሞ ከሄደ፥ ሥዕሉ እንዴት ሊሣል ነው? (የመምህራኖቻችን ደመወዝስ ዶርንቡሽ እንዳለው ነው፤ በዚያ ቀን ንቅንቅ አላለም።) የትኛው ዋጋ ፈጠነ፥ የትኛው ዘገየ? ይህን በመርካቶ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ መመዝገብ የተማሪ አቅም የማይችለው ሥራ አይደለም።

ስለዚህ መምህራኖቻችን በሚመጣው ፈተና ይህንኑ ቢጠይቁን እንወዳለን፤ መስመሮቹንስ መሣል ችለናል።