መዳቡ ለአንድ፣ ጭሱ ለሁላችን!



መዳብ ለማውጣት ወንዝ ዳር ማታ ማታ የቴሌቪዥን ቀፎ ይቃጠላል። «ቆሻሻ ነው፣ ይንደድ» የምንል አለን። ተሳስተናል! ብዙው አሮጌ ቀፎ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ተጨምሮበታል። ሲነድ የባሰ መርዝ ይወልዳል። አመዱን ዶሮ ይጭራል፣ በእንቁላሉ ወደ ልጆቻችን ይገባል።

አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 የዚሁ ዘር ኬሚካል በስህተት ከከብት መኖ ተቀላቀለ። 30,000 ያህል ከብት ተወገደ፤ ሕዝቡ ግን መርዙን በወተትና በሥጋ ቀምሶት ነበር። የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹን አግዷል፤ አገራችንም አባል ናት።

ታዲያ በወረቀት የታገደውን በደጃችን ስለምን እናነዳለን? አሮጌውን ዕቃ ሳይቃጠል ለማኅበሩ እናስረክብ። የሚያነድ ስናይ «ምን አገባኝ» አንበል፤ ያገባናል!