አሥር ኪሎ በአምስት ሳምንት?

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ዓመት በዶርማችን የሆነ ነገር ነው። ጓደኛዬ (ስሟን አልጠራም፤ እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች) በአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ ሚዜ ልትሆን ነበር። ቀሚሱ ተለክቶ ልብስ ሰፊው ጋ ገብቷል፤ ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። አንድ ቅዳሜ ሶዶ ከተማ ወጥተን ስንዞር፣ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ «እህት፣ ነይ ኪሎሽን እወቂ!» ሲላት ወጣችበት። 61። በዚያው ቅጽበት ወሰነች፤ «ለሠርጉ 51 ሆኜ ነው የምገባው» አለች። እኛም የዶርም ልጆች አጨበጨብንላት። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ ቁርስ ቀረ፣ እራት ቀረ። ምሳ ላይ እንጀራዋን ገምሳ ለእኛ ታድላለች። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ማታ ደግሞ ከአንድ ሱቅ የገዛችው «የሚያከሳ ሻይ»። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀነሰች፤ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። በሁለተኛው ሳምንት 1 ኪሎ። በሦስተኛው ምንም። በአራተኛው ሳምንት ክላስ ውስጥ ጥያቄ ልትመልስ ብድግ እንዳለች ዓይኗ ጨለመባትና ወደቀች። ደግነቱ ጭንቅላቷን አልተመታችም። ሠርጉ ላይ 57 ሆና ገባች፤ ከሁለት ወር በኋላ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ 62 ሆናለች። ያ ሁሉ ስቃይ አልፎ፣ ከተነሳችበት አንድ ኪሎ ጨምራ አረፈችው።

ታዲያ እኔን ያሳፈረኝ የእሷ ነገር አይደለም። እኛ እኮ የነርሲንግ ተማሪዎች ነን! ነገ ጤና ጣቢያ ተቀምጠን ሰው የምንመክር፣ ኒውትሪሽን ኮርስ ወስደን «ኤ» ያመጣን ሰዎች፣ አንዳችንም ብዕር አንስተን ሒሳቡን አልሠራነውም። ለፈተና የተማርነው ነገር ለዶርም እንደማይሠራ አድርገን ነው የምንኖረው መሰለኝ።

እስቲ አሁን እንሥራው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። አሥር ኪሎ ማለት 77,000 ነው። አምስት ሳምንት 35 ቀን ነው። ሲካፈል በየቀኑ 2,200 ኪሎ ካሎሪ ማጉደል ያስፈልጋል። ይሄ ደግሞ አንዲት ወጣት ሴት በቀን በአጠቃላይ ከምታቃጥለው ጋር ተቀራራቢ ነው። በሌላ አነጋገር ጓደኛዬ ያወጣችው ዕቅድ ለ35 ቀን ምንም ምግብ በአፏ ሳይዞር መኖር ነበር ማለት ነው። ሲነገር «አሥር ኪሎ» ቀላል ይመስላል፤ ክብ ቁጥር ስለሆነ ይሆን?

«ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ እንዴት ቀነሰች?» ለምትሉ፣ ያ ስብ አልነበረም። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል ስንቅ አለው፤ እሱም ክብደቱን ሦስት እጥፍ የሚሆን ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚወጣው ያ ስንቅና ውሃው ነው። አንድ ሁለት ቀን በደንብ ሲበላ ደግሞ ተመልሶ ይገባል። ሻዩም እንደዚያው ነው። ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ውስጥ የሚገባው ሰና የሚባል ቅጠል ነው፤ ሥራው የትልቁን አንጀት እንቅስቃሴ ማፋጠን ነው። የምግቡ ኃይል ግን በአብዛኛው ቀድሞ በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። ሻዩ ያስወጣላት ውሃና ገንዘቧን ነው።

ስለ ረሃብ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪይስ የተባለው ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወጣት ወንዶችን ለ24 ሳምንታት በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ አበላቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከዚያ በላይ የሚገርመው ግን ጠባያቸው ነው፤ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጩ ጀመር፣ ብርድ አልለቅ አላቸው፣ ቀን ከሌት ሐሳባቸው ምግብ ብቻ ሆነ፣ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ነበር። ጓደኛዬም በዚያ ሰሞን ሌሊት እየተነሳች ስልኳ ላይ የዶሮ ወጥ አሠራር ቪዲዮ ታይ ነበር። እኛ ስቀንባታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ለመሆኑ ይህች ልጅ መቀነስ ነበረባት ወይ? ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 ነው። ክብደትን ለቁመት ካሬ ስናካፍል (ቢ.ኤም.አይ. የምንለው) 24.4 ይመጣል። ጤናማ የሚባለው ከ18.5 እስከ 25 በታች ነው። ለካስ መጀመሪያውኑ ጤንነቷ «ቀንሺ» የሚላት ልጅ አልነበረችም! ግን ማንም ቁመቷን አልጠየቃትም። ሚዛን የያዘው ልጅ ሜትር የለውም፤ እኛ ደግሞ ስኪል ላብ ውስጥ ሜትሩም ሚዛኑም እያለን አልወሰድናትም።

እኔ የቢጠና ልጅ ነኝ። እኛ ሰፈር «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነው፤ «ተመችቶሻል፣ አገሩ ተስማምቶሻል» ማለት ነው። «ምነው ከሳሽ?» ደግሞ ኀዘኔታ ነው፤ ከኋላው «አመመሽ? ምን አጣሽ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ይሄ ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይደለም። አያቴ የ1977ቱን ረሃብ ታስታውሳለች፤ ስለዚያ ዓመት ስትናገር ድምጿ ዝቅ ይላል። መሬቱ ለምለም ሆኖ እያለ ሰው የሚራብበት «አረንጓዴ ረሃብ» የሚባለው ነገር ሲነሳም ወላይታ አብሮ ይነሳል። ስኳር ድንቹ ከከሸፈና በቆሎው ካልደረሰ ያሉት ወራት ምን እንደሚመስሉ የገጠር ልጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ለተግባር ልምምድ ገጠር ወጥተን የሕፃናትን ክንድ ስንለካ፣ ሜትሩ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀዩ ላይ ሲያርፍ ያየን ሰዎች ነን። ሐሙስ እንዲህ ያለ ክንድ ለክቶ ቅዳሜ «የሚያከሳ ሻይ» መግዛት ለእኔ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

ቢሆንም «ውፍረት የሀብታም ወሬ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» ከሚሉት ጋርም አልስማማም። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2000 ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች 30 በመቶው ከሲታ፣ 3 በመቶው ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ነበሩ። በ2016 ከሲታዎቹ ወደ 22 በመቶ ሲወርዱ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 8 በመቶ ደረሱ። ሁለቱም በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ አሉ። በእኛ ቤት እንኳ አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ስለካ 1 ሜትር ከ62 ሆኜ 74 ኪሎ ነበርኩ። 28.2 ማለት ነው። ጓደኛዬ ሳትሆን መቀነስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ግን ሚዜ ስላልሆንኩ አላሰብኩበትም።

ለእኔ የሚበጀኝን ቁጥር ስፈልግ መምህራኖቻችን ደጋግመው የነገሩንን አስታወስኩ። በግማሽ ዓመት ከክብደት 5 በመቶ እስከ 10 በመቶ መቀነስ ይበቃል፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ። «5 በመቶ ምን ታደርጋለች?» እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት ውስጥ ለበሽታው የተጋለጡ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ዐቅደው ሲሠሩ፣ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሶ ነበር። (ይህችን ቁጥር ከቢሮ ወንበር ለማይነሱ ለአንዳንድ ኢንስትራክተሮቻችንም በአክብሮት አስታውሳለሁ!) የእኔ 5 በመቶ 3.7 ኪሎ ነው። ስለዚህ «እስከ ሰኔ 70» ብዬ ጻፍኩ።

ግን 70 የሚለውን ቁጥር ጠዋት ተነስቼ ላደርገው አልችልም። ሻዬ ላይ የማደርገውን ስኳር ግን ማድረግም መተውም እችላለሁ። ሦስት ማንኪያ ነበር፣ አንድ አደረግሁት፤ በቀን አራት ብርጭቆ ለምጠጣ ሰው ይሄ ብቻውን 130 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ከግቢ ወደ ከተማ በባጃጅ መሄድ ተውኩና በእግሬ ሆነ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ዳሞታ ተራራ መውጣት። ትልቁ ችግር መብላቱ ላይ ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ «ሳህንህን በግማሽ ሙላ» ይላል፤ እኛ ግን አምስት ሆነን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፣ የማን ግማሽ ነው? በዚያ ላይ ጉርሻው አለ፣ «በሞቴ!» አለ። ስለዚህ መቁጠሩን ተውኩትና እጄ የሚሄድበትን ብቻ ማየት ጀመርኩ፤ ወደ ጎመኑና ወደ ቦሎቄው አዘውትራ እንድትሄድ፣ ቀስ እንድትልም። ጉርሻውን አልመልስም፤ ጓደኝነት በኪሎ አይለወጥም።

እማዬ ግን አስቸገረችኝ። ለፋሲካ ቢጠና ስወርድ ቅቤ ያለቀሰ ሙቿ አቀረበችልኝ። ትንሽ ቀምሼ ሳስቀምጥ «ልጄ፣ ምን ሆነሻል? የተማሪ ቤቱ ምግብ አንጀትሽን ዘጋው?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እማዬ፣ እንደ አባዬ ስኳር እንዳይዘኝ ብዬ ነው እንጂ ለመክሳትስ አይደለም» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው ቦይናውን ብዪ፤ ቅቤውን እኔ እቀንሰዋለሁ» አለች። ለእናት ሊነገር የማይችል ዕቅድ ከነበረ ያኔውኑ ይፈርስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ውጤቱን ሳላሳምር ልንገራችሁ። በሁለት ወር 2 ኪሎ ቀነስኩ። መጋቢት ላይ ምንም። በፈተና ሰሞን ሌሊት ሌሊት በዳቦና በሻይ እያጠናሁ 1 ኪሎ ጨመርኩ። ሰኔ ላይ 71 ነበርኩ፤ ያልኩት 70 አልሆነም። ከዚያ ደግሞ ጊፋታ መጣ። ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ሲቆጥቡለት ለከረሙት በዓል «እኔ ዳይት ላይ ነኝ» የሚል ካለ ወጥቶ ይናገር፣ እኔ አልደፍርም! ለመስከረም ዕቅዴን «ከ73 አለማለፍ» ብዬ ቀየርኩት። ጥሬ ሥጋውንም በዳጣ፣ ባጪራውንም በላሁ። 72 ተኩል ሆንኩ፤ ጥቅምት ሲያልቅ ወደ 71 ወረድኩ። አሁን 70 ተኩል ነኝ።

ስለ ሚዛን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችን በየቀኑ እየወጣን ነው የምንናደደው። ከምሳ በኋላና ከቁርስ በፊት፣ ከነጫማና ያለ ጫማ፣ ለሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሲቃረብ አንድ ሁለት ኪሎ መለያየት ያለ ነው። ወጣ ገባ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ የመንገድ ሚዛንማ የፈለገውን ይናገራል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት ይበቃል። ለዚህም ዲፓርትመንታችን ስኪል ላቡን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢከፍትልን፣ ቁመትና ክብደት እርስ በርሳችን ብንለካካ፣ አንድ መምህር ወይም የአራተኛ ዓመት ተማሪ ተቀምጦ «አንተ አያስፈልግህም፣ አንቺ ይህን ያህል ብትቀንሺ» ቢለን ምን ይጎዳል? ልምምድም ይሆነናል። እግረ መንገዴንም፣ ኮሪደር ላይ ሴት ተማሪ ስታልፍ «ኧረ ተነፋሽ!» ማለት የምትወዱ ወንድሞች ብትተዉት ደስ ይለኛል። ጨዋታ ነው ትላላችሁ፤ ጓደኛዬ ሚዛኑ ላይ ከመውጣቷ አንድ ቀን በፊት ይህንኑ ጨዋታ ሰምታ ነበር።

እሷ አሁን ደህና ናት፤ ቁርስ ትበላለች፣ ቅዳሜም ዳሞታን አብራን ትወጣለች፣ እንዲያውም ከእኔ ቀድማ ነው ጫፉ ላይ የምትደርሰው። ስለ ሠርጉ ስናወራ እስከ ዛሬ የምንስቅበት ግን ቀሚሱ ነው። በ61 ኪሎዋ የተለካ ቀሚስ ስለነበር በዕለቱ ሰፋት፤ ጀርባዋን በመርፌ ቁልፍ ሰብስበን ይዘን ነው ከሙሽራዋ ጋር ያስገባናት።