ጎሉን ማን አገባው?

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ለወቀሳ ነው። ወቀሳው ግን ከራሴ ይጀምራል።

ባለፈው የካቲት 29 ቀን ማርች 8 ሲከበር በግቢያችን ሜዳ የሴቶች እግር ኳስ ጨዋታ ተካሂዶ ነበር። የኛ ዲፓርትመንት ከሌላ ዲፓርትመንት ጋር ተጋጠመ። እኔም በግራ መስመር ተከላካይነት ተሰልፌ ነበር። የለበስነው ማሊያ የወንዶቹ ስለሆነ ጉልበታችን ድረስ ይወርዳል። ታኬታ የነበራት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ሌሎቻችን በሸራ ጫማ ነው የገባነው። ተመልካቹ ብዙ ነበር፤ የመጣው ግን ሊስቅ ነው። አንዷ ኳስ ስትስት ሳቅ፣ አንዷ ስትወድቅ ሳቅ፣ አንዷ በቴስታ ስትመታ ደግሞ "ኧረ ፀጉሯ ተበላሸ!" የሚል ጩኸት። ያም ሆኖ 2 ለ 1 አሸነፍን። ሁለቱንም ጎል ያገባችው የዶርሜ ልጅ ናት። ሁለተኛውን ከሳጥኑ ውጪ መትታ ስታስገባ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳቁ ቀጥ አለ።

በሳምንቱ የወንዶቹ የዲፓርትመንት ዋንጫ ፍፃሜ ሆነ። ለዚህ ቡለቲን ዘገባውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ሙሉ ገጽ! ጎሉ በስንተኛው ደቂቃ እንደገባ፣ ማን እንዳቀበለ፣ ማን ቢጫ ካርድ እንዳየ አንድም አልቀረኝም። መጨረሻ ላይ ስለኛ ጨዋታ አንዲት መስመር ጣል አደረግሁ፦ "ማርች 8ን ምክንያት በማድረግ የሴቶች የወዳጅነት ጨዋታም ተካሂዷል።" በቃ። ውጤት የለ፣ ስም የለ።

ቡለቲኑ ሲወጣ የዶርሜ ልጅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ፣ ታዲያ ጎሉን ማን አገባው?" አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ዜና ማለት ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ነው ተብለን ተምረናል። እኔ የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው የዘለልኩት። የዘለልኩት ደግሞ ሰው የነገረኝን ሳይሆን ሜዳው ውስጥ ቆሜ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

የግቢያችን ወግ

እስቲ የግቢያችንን የስፖርት ወግ እናስተውል። ፍሬሽ ከሲኒየር ይጋጠማል። ዲፓርትመንት ከዲፓርትመንት ይጫወታል። ጂሲዎች ከመመረቃቸው በፊት ከመምህራን ጋር ይገጥማሉ። ከበሮ ይመታል፣ ይጨፈራል፣ የተሸነፈው ዲፓርትመንት ላውንጅ ውስጥ ለሳምንታት ይቀለድበታል። ደስ የሚል ወግ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ከተለያየ አገር የመጣን ልጆች "የኛ" የምንለውን ነገር የምናገኘው እዚያ ሜዳ ዳር ነው።

በዚህ ወግ ውስጥ የሴት ድርሻ ግን የታወቀ ነው። የተጫዋች ልብስ መጠበቅ፣ ውሃ ማቀበል፣ እልል ማለት። በዓመት አንድ ቀን ወደ ሜዳው እንገባለን፤ ሳሙናና ደብተር ተሸልመን እንወጣለን። በማግስቱ ኳሱም ሜዳውም ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል።

ከዚያ ጨዋታ በኋላ አሥራ አራት ሆነን "ቋሚ ቡድን እንመሥርት" አልን። ሜዳ ጠየቅን። ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተይዟል ተባልን፤ እውነትም ተይዟል፣ በየቀኑ የወንዶች ልምምድ አለ። "ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተጠቀሙ" ተባለ። እሺ አልን። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ሌሊት ጥናት አምሽቶ፣ በባዶ ሆድ፣ በዚያ ብርድ ወጥቶ መሮጥ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። በሁለተኛው ሳምንት ዘጠኝ ቀረን። በአራተኛው አምስት። ለፋሲካ ወደየቤታችን ስንሄድ ቡድኑ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንዱ ሲኒየር ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አየሽ፣ ሴቶች ፍላጎት የላቸውም።"

እውን ፍላጎት ነው ያጣነው?

ጫጫ ላይ የሰማሁት

የኔ አገር ጫጫ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሄደ ሁሉ ያልፍባታል። ብርዷ ለጉድ ነው፤ ሜዳዋም ሰፊ ነው። ልጅ ሆኜ ከወንዶቹ ጋር የካልሲ ኳስ ስጫወት ነው ያደግሁት። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ "አሁንስ አድገሻል" ተባልኩና ተውኩት። ማን እንዳለኝ እንኳ አላስታውስም፤ ሁሉም ነው ያለኝ።

ዘንድሮ ለፋሲካ ስሄድ ለእናቴ ስለ ቡድናችን ነገርኳት። ቡና እያፈላች ሰማችኝና፣ "የኔ ልጅ፣ ሩጫ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ጌጤም ሮጣ ነው አገር ያስጠራችው። ኳስ ግን ለሴት ልጅ ምን ያደርጋል?" አለችኝ።

እናቴ የምትለው ጌጤ ዋሚን ነው። ጌጤ የጫጫ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ብር፣ በ5,000 ሜትር ደግሞ ነሐስ አምጥታለች። በ1999 ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በ2006 እና በ2007 የበርሊን ማራቶንን በተከታታይ አሸንፋለች። እኛ አገር ሴት ልጅ ስትሮጥ "ለምን ትሮጣለች?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ "እንደ ጌጤ ያድርግሽ" ተብላ ትመረቃለች እንጂ።

የእናቴ ንግግር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሩጫ የሴት፣ ኳስ የወንድ ነው ያለው ማነው? የሴት ሩጫስ ከጥንት የነበረ ወግ ነው? አይደለም! ሴቶች በኦሊምፒክ 10,000 ሜትር መሮጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቁን ስታመጣ ርቀቱ ለሴቶች ሲካሄድ ገና ሁለተኛው ነበር። ጌጤ አትላንታ ላይ ነሐስ ስታገኝ ደግሞ ሦስተኛው። የሴቶች ማራቶንም ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ1984 ነው። እናቴ ከድሮ ጀምሮ የነበረ የሚመስላት ነገር ከሷ ዕድሜ ያነሰ ነው። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ጀግናዋ መጥታ አይደለም ውድድሩ የተዘጋጀው። መጀመሪያ ውድድሩ በፕሮግራም ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ደራርቱ መጣች፤ ከዚያ ጌጤ መጣች፤ ከዚያ እናቴ "ሩጫ ቢሆንማ" ማለት ጀመረች።

እኛ ግቢ ግን የተገላቢጦሽ ነው። "መጀመሪያ ጎበዝ ቡድን አሳዩንና ሰዓት እንሰጣችኋለን" ይባላል። ሰዓት ሳይኖር ቡድኑ ከየት ይመጣል?

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው?

የሴቶች ኳስ ተመልካች የለውም የሚል ካለ እንግሊዝን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1920 ሊቨርፑል በሚገኘው ጉዲሰን ፓርክ የሴቶችን ጨዋታ 53,000 ያህል ሰው ተመልክቶታል። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶች በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች ላይ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ክልከላው ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆየ። እና ጨዋታው የተዳከመው ፍላጎት ጠፍቶ ነው ወይስ ሜዳው ተዘግቶ?

አሜሪካ ደግሞ በተቃራኒው ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1972 የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የትምህርት ተቋማት በፆታ እንዳያዳሉ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ኮሌጆች ለሴቶችም ቡድን ማቋቋም ጀመሩ። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን በ1979 ተመሠረተ፤ የአሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ ማኅበር የሴቶችን ሻምፒዮና በ1982 ከጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ከ20 ጊዜ በላይ ወስዷል። ዝነኛዋ ሚያ ሃም የወጣችው ከዚሁ ግቢ ነው።

"እሱ አሜሪካ ነው፣ ብር አላቸው" ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ወደ አፍሪካ እንምጣ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተካፍሏል። ሁላችንም ኮርተናል። በዚያው ውድድር ላይ ከደቡብ አፍሪካ ከመጡት ቡድኖች አንዱ ግን የባንክም የከተማም አልነበረም፤ የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ነበር። አዎ፣ ዩኒቨርሲቲ! እኛ አገር ስማቸውን የምንሰማቸው አብዛኞቹ የሴቶች ክለቦች የባንክ፣ የከተማ አስተዳደር ወይም የመከላከያ ናቸው። ሜዳ ያለው፣ ወጣት ያለው፣ ዶርም ያለው፣ የስፖርት ሳይንስ መምህር ሳይቀር ያለው ዩኒቨርሲቲ የት ሄደ?

አገራችን ሴት ኳስ ተጫዋች አላጣችም። ሉሲዎቹ በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል። ሎዛ አበራ ከከምባታዋ ዱራሜ ተነስታ በማልታው ቢርኪርካራ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የአሜሪካውን ዲሲ ፓወር ተቀላቅላለች።

"ትምህርታችሁን ይጎዳል" ለሚሉን ደግሞ ልዲያ ታፈሰን ልጥቀስ። ልዲያ የፋርማሲ ባለሙያ ናት፤ ፊሽካ ይዛም እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ በዳኝነት ተሰልፋለች። ደግሞስ ወንዶቹ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ሲጫወቱ ትምህርታችሁ ይጎዳል ያላቸው አለ?

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስታዲየም ይሠራልን አላልኩም።

አንደኛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከ10 እስከ 11 ሰዓት ሜዳው የሴቶች ይሁን። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። አምስት ሆነን ብንመጣም ሰዓቱ የኛ ይሁን፤ "ዛሬ ጥቂት ናችሁ" ተብሎ አይነጠቅ። ወንዶቹም አንዳንድ ቀን ሰባት ሆነው ይመጣሉ፣ ሜዳው ግን አይወሰድባቸውም።

ሁለተኛ፣ የዲፓርትመንት ዋንጫ ለሴቶችም ይኑር። ፍፃሜው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ በተመሳሳይ ዳኛ ይካሄድ። ማርች 8 ይከበር፤ ግን የውድድሩ አንድ ቀን ይሁን እንጂ ብቸኛው ቀን አይሁን። በዓመት አንዴ የሚደረግ ነገር ትዕይንት ነው። በየሳምንቱ የሚደረግ ነው ወግ የሚሆነው።

ሦስተኛው ማንንም ፈቃድ የማንጠይቅበት ነው፤ የኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ድርሻ ነው። እንጻፍ! ለወንዶች ጨዋታ የምንሰጠውን ያህል ለሴቶቹም እንስጥ፤ ውጤት፣ ደቂቃ፣ ስም። የተሳሳተች ካለች ተሳስታለች ብለን እንጻፍ፤ የምንፈልገው ውዳሴ ሳይሆን ዘገባ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዲት ፍሬሽ የቡለቲናችንን የድሮ እትሞች ብታገላብጥ ወንዶች ብቻ የተጫወቱበት ግቢ ነው የምታገኘው። "እዚህ የሴት ኳስ ወግ የለም" ብትባል ማስረጃው በኔ እጅ የተጻፈው ገጽ ነው። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

መምህራኖቻችንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። የስፖርት ዘገባ ስታስጽፉን የሴቶች ጨዋታም ይካተት። ውጤት ካለው ማንም ይሄዳል፤ ሄዶ ካየ ደግሞ ሳቁን ትቶ መመልከት ይጀምራል። እኔ ያቺ ሁለተኛ ጎል ስትገባ ሜዳው ዳር ያለው ሕዝብ ዝም ሲል አይቻለሁ።

እንግዲህ ዕዳዬን ልክፈል። የካቲት 29 ቀን በተደረገው ጨዋታ የኛ ዲፓርትመንት 2 ለ 1 አሸንፏል። ሁለቱም ጎሎች የአንዲት ተጫዋች ናቸው፤ አንዱ ከቅርብ፣ ሌላው ከሳጥን ውጪ የተመታ። ስሟን ልጽፍ ስል የዶርሜ ልጅ እምቢ አለችኝ። "የኔን ስም በይቅርታሽ ውስጥ አታስገቢው። በሚቀጥለው ጨዋታ ውጤት ላይ ጻፊው" አለች።

እሺ ብያለሁ። አሁን የቀረው ሚቀጥለው ጨዋታ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ዳር እንቆማለን። ሰዓት የሚሰጠን ካለ እንጫወታለን፤ ኳስ ግን ይዘን ነው የምንመጣው።

ቸር ይግጠመን!