ለፓንዶራ ያለቀሰ ዓይን ጌባን አያይም

ፓንዶራ የምትባለው ጨረቃ የለችም። ጄምስ ካሜሮን የፈጠራት ናት። ሌሊት ጫካዋ እንደ ኮከብ ያበራል፣ ውኃ ሊጠጡ ከሚወርዱት አውሬዎቿ አብዛኞቹ ስድስት እግር አላቸው። ፊልሙ፣ «አቫታር»፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ እስካሁን ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በገቢ የሚበልጠው ፊልም የለም። ትልቁ ዛፍ ሲገነደስ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ስንቱ እንዳለቀሰ ያየ ያውቀዋል።

ልቅሶው አይነቀፍም። ፊልሙ ልብ ወለድ መሆኑም ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ጠላትን የሳለበት መንገድ ላይ ነው። ፓንዶራ ውስጥ የጫካውና የወንዙ ጠላት ከሰማይ ይወርዳል። የጦር ልብስ ለብሷል፣ አዛዡ ራሱ ላይ ጠባሳ አለው፣ የሚፈልገውን ማዕድን በስሙ ይጠራል። መጨረሻ ላይ ይሸነፍና በሰልፍ ወደ መርከቡ ተሸኝቶ ይሄዳል። እውነተኛ የጫካ ወንዝ ግን እንዲህ አይሞትም። የሚሞተው በፊርማ ነው፤ በፈቃድ ማራዘሚያ፣ በመቶኛ፣ በቃለ ጉባኤ። በፊልሙ ተፈጥሮን መውደድ የተማረ ሰው ይህን ጠላት በሩ ላይ ቢያገኘው «ደህና ዋልክ» ብሎት ያልፋል።

ማስረጃው ብራዚል ውስጥ አለ። ሺንጉ የአማዞን ገባር ነው። ቮልታ ግራንዴ የሚባለው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ጠማማው ክፍል ለማንም ፊልም ሠሪ ሐሳብ ያበደረ ይመስላል። የዝናቡ ወቅት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውንና ደሴቶቹን ያጥለቀልቃል። ዓሦች በዛፎቹ መካከል እየዋኙ ወደ ጫካው ይገባሉ፣ እዚያው እንቁላል ይጥላሉ፣ ከቅርንጫፍ የሚወድቀውንም ፍሬ ይበላሉ። ኤሊዎቹም ከዚያው ፍሬ ይካፈላሉ። ከጣት ብዙም የማትረዝም፣ እንደ ሜዳ አህያ ነጭና ጥቁር መስመር ያላት አንዲት ዓሣ ደግሞ በዱር ከዚህ የወንዙ ክፍል በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ስድስት እግር የላትም፤ ፊልም ውስጥ ብትገባም ማንም አያያትም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ካሜሮን ራሱ ወደ ሺንጉ ሄደ። ቤሎ ሞንቴ የሚባለውን ግድብ ከሚቃወሙት ነባር ሕዝቦች ጎን ቆመ፣ አጭር ፊልምም ሠራ። ይህ ሊመሰገንበት ይገባል። በማግስቱ ዓመት የግንባታ ፈቃዱ ተፈረመ። በ2016 ተርባይኖቹ መዞር ጀመሩ፣ በ2019 ግድቡ ተጠናቀቀ። በአየር የወረደ ወታደር አልነበረም። እያንዳንዱ ፈቃድ ሁኔታዎች ተያይዘውበት ነው የተሰጠው፤ ሁኔታዎቹ ሳይሟሉ ቀጣዩ ፈቃድ ሲከተል የሚያለቅስ ተመልካች አልነበረም። የብራዚል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከ16 ቶን በላይ ዓሣ ሞቷል ብሎ ኩባንያውን ሲቀጣ ዜናው ከአንድ ቀን አላለፈም።

ዛሬ ከቮልታ ግራንዴ ውኃ አብዛኛው ወደ ተርባይኖቹ ይጠለፋል። ለወንዙ የሚተወው ውኃ በሠንጠረዥ የተሰፈረ ነው። ፍሬው አሁንም ጊዜውን ጠብቆ ይወድቃል፣ ግን ደረቅ መሬት ላይ። እዚያ የሚኖሩት የጁሩና ሰዎች የሚያጠምዱትን ዓሣ ራሳቸው እየመዘኑ ይመዘግባሉ፤ የኩባንያውን ሪፖርት ብቻ ማመን ምን እንደሚያስከትል አይተዋልና። ይህ ሁሉ የተደረገለት ግድብ በወረቀት 11,233 ሜጋ ዋት ነው። በበጋ ወንዙ ስለሚያንስ አማካይ ምርቱ የዚያ 40 በመቶ ገደማ ነው።

«እሱ የብራዚል ጣጣ ነው» የሚል ካለ ወደ ኢሉ አባ ቦር ይምጣ። የያዩ የቡና ደን ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ሰፍሯል። ጨርሶ እንዳይነካ የታሰበው እምብርቱ 28 ሺህ ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። በመካከሉ ጌባ ይፈሳል። ጌባ ከቢርቢር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል፤ ጋምቤላ የሚደርሰው ያ ነው። ከላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ከጥላው ሥር ማንም ያልተከለው፣ በዱር የበቀለ ቡና አለ። ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና ዘመዶቹ እዚህ ናቸው። ነገ አዲስ በሽታ ቢመጣ የሚቋቋም ዘር የሚፈለገው ከዚህ ነው።

ምዝገባው ሁለት ዓመት ሳይርቅ፣ በ2012፣ ለያዩ ሌላ ዕቅድ ተፈረመለት፦ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ ማዳበሪያ የሚያመርት ፋብሪካ። ሥራው ለሜቴክ ተሰጠ፣ በሁለት ዓመት ያልቃል ተባለ። በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ፈሰሰ፣ ጊዜው አለፈ፣ ውሉ ከሜቴክ እጅ ወጣ። ገበሬው በተባለው ጊዜ ማዳበሪያ አላገኘም፤ መሬቱ ግን ተቆፍሯል። እዚህ ላይ «ሰው ይቀድማል፣ ልማት ያስፈልጋል» የሚለው መልስ ይመጣል። ልክ ነው፣ ማዳበሪያ ያስፈልጋል። ግን የቱ ሰው ቀደመ? ከቦታው የተነሣው ነዋሪ ወይስ ዩሪያ ሲጠብቅ የከረመው?

ያም ሆኖ ፋብሪካው ቢያንስ ይታያል። ለጫካ ወንዝ ከሱ የባሰው የማይታየው ነው። በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ጅረት ዳር ይተከላል፤ ውኃ ይፈልጋልና። ገለፈቱን ያጠበው ስኳራም ውኃ በቂ ማጠራቀሚያ ከሌለ ተመልሶ ጅረቱ ውስጥ ይገባል። ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይበላዋል። ድንጋይ ሥር የሚኖሩት ትንንሽ ነፍሳት ቀድመው ይሞታሉ፣ እነሱን የሚበላው ዓሣ ይከተላል፣ ዓሣውን የሚበላው ወፍም ሌላ ወንዝ ይፈልጋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ዝናቡ ቆሞ ጅረቱ በሚጎድልበት፣ ከብቱም ሰውም ከዚያው በሚጠጣበት ወር ነው።

እዚህ ላይ ጨካኝ ኮሎኔል የለም። ያለው ታጥቦ የተሸጠ ቡና የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣለት ገበሬ፣ ጉድጓድ መቆፈር ወጪ ስለሚሆንበት ባለ ጣቢያ፣ ተሽከርካሪ የለኝም ስለሚል የወረዳ ተቆጣጣሪ ነው። ማንም ክፉ አይደለም፤ ጅረቱ ግን ይሸታል። የመንግሥት ሚዲያ በበኩሉ የያዩን ደን ከላይ በድሮን ያሳያል። ሙዚቃ ታክሎበት ሲታይ ፓንዶራን ያስንቃል። ድሮን ግን ሽታ አይቀርጽም።

ስለዚህ ከሚመለከታቸው የሚጠበቀው እንባ አይደለም። የፌዴራሉም የኦሮሚያም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣናት ጌባና ገባሮቹ ዳር ያለው ጣቢያ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ማጠራቀሚያ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ስም በስም ያውጡ። የከሰል ቁፋሮ ፈቃዶቹ ከደኑ እምብርት ምን ያህል እንደሚርቁ በካርታ ያሳዩ። ይህ ሳተላይትም ቢሊዮን ብርም አይጠይቅም፤ ሜትርና ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሰው ይበቃዋል። የቡናው ለቀማ ጥቅምት ላይ ይጀምራል፤ ልኬቱ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።